ሽማግሌው ቁልፍ

በጋሽ ጆሮ የድምፅ ሚክሰር ላይ፣ ከረድፉ መጨረሻ፣ ጫፉ ቀይ የሆነ አንድ ቁልፍ ነበር። ወደ ላይ ሲገፉት ይገፋል፣ ወደ ታች ሲስቡት ይሳባል፤ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ በመስመሩ ላይ ለስለስ ብሎ ይንሸራተታል። ከጓደኞቹ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ማይክ አልተሰካበት፣ ጊታር አልተሰካበት፤ እስከ ጥግ ቢገፉት የዝንብ ድምፅ እንኳ አይጨምርም። ጋሽ ጆሮ ግን ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ ያከብረው ነበር። ጠብ ስለሚያበርድለት ስሙን «ሽማግሌው» ብሎታል። ይህንንም ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙዚቀኛ የሚባል ፍጥረት ራሱን ሰምቶ አይጠግብም። ጊታር የሚመታው «እኔ አልሰማም፣ ጨምርልኝ» ይላል። ለእሱ ሲጨመር ኪቦርዱን የሚጫወተው ቀና ብሎ «እኔስ?» ይላል። ለሁሉም ሲጨመር ዘፋኟ ትጠፋለች። ዘፋኟ ስትጠፋ ደግሞ ሕዝቡ አንገቱን አዙሮ የሚያፈጠው በሙዚቀኞቹ ላይ አይደለም፤ ከአዳራሹ መሐል ሚክሰር ይዞ በቆመው ሰው ላይ ነው። ሲያምርማ ማን ዞሮ ያየዋል? እንግዲህ ጋሽ ጆሮ ከዚህ ሁሉ ንትርክ በኋላ መላ ዘየደ። «ጨምርልኝ» ያለ ሰው ሲመጣ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ከንፈሩን ሞጥሞጥ አድርጎ፣ ቀዩን ቁልፍ በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ ይገፋለታል።

«አሁንስ?»

«አዎ! አሁን ይሻላል!»

ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሉት። «አሁን ይሻላል» ያላለ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም።

«ጋሽ ጆሮ» ብለው ስም ያወጡለት የባንዱ ልጆች ናቸው። በጉልምስናው ዘመን፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየጮኸ፣ ከጊታሩ ክሮች አንዷ መላላቷን ከዳር ሰምቶ በጣቱ ምልክት የሚሰጥ ሰው ነበር። ትምህርቱን ገና ሳይጀምረው ስለተወው ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ወረቀት የለውም። ያለው ጆሮው ነው። በጆሮው በላ፣ በጆሮው ለበሰ፣ በጆሮው ተከበረ። እሱን ከጠየቃችሁት ግን በቅጡ አልተከበረም።

ንቀት የሚረሳ ሰው አልነበረም። ኪቦርዱን የሚጫወተው ሰውዬ በአንድ ልምምድ ላይ «ኤኮው ትንሽ አልበዛም?» ስላለው፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለው በአገጩ ነው። ዘፋኟ በየመድረኩ መጨረሻ የባንዱን ሰዎች አንድ በአንድ ስታስተዋውቅ፣ መብራት የሚያበራው ሳይቀር ሲጨበጨብለት፣ እሱን አንድ ቀን ጠርታው አታውቅም። ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጎ ይዞታል። ያልተዋጠለት የእህቱ ሠርግ ነው። እሱው ያሳደጋት እህቱ ስታገባ ሌላ ሳውንድ ተከራዩ! «አንተማ ወንድሜ ነህ፣ ዛሬስ ቁጭ በል» አለችው። ቁጭ አለ። ከፊት ወንበር ላይ፣ በክራባት ታንቆ፣ የባዳ ማይክ ሲያፏጭ ሰምቶ ዋለ። እጁ ጭኑ ላይ ሆኖ የሌለ ቁልፍ ሲቀንስ ያየው ሰው አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእህቱን ባል በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «አማች» ነው የሚለው፤ እሱንም እንደ ወቀሳ። ኋላ ሰውየው ሥራ ሲፈታ፣ እህቱ ለምናው፣ ገመድ እንዲዘረጋለት ወሰደው። አማችየው ዝምተኛ ነው። ገመድ ይዘረጋል፣ ይጠቀልላል፣ ሰው እንዳያደናቅፍ በፕላስተር ከወለሉ ጋር ያጣብቃል። ፕላስተሩንም ዝም ብሎ አይበጥሰውም፤ ሲነሳ እንዳያስቸግር ጫፉን እንደ ቁስል ፋሻ አጠፍ ያደርገዋል። የጋሽ ጆሮ ጉልበት ጎንበስ ማለትን እምቢ ካለ ወዲህ ከጠረጴዛው በታች ያለው ዓለም ሁሉ የአማች ሆኖ ነበር።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ገና ባዶ ነው። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በወንበሮቹ መሐል እየተዘዋወረች ትጠርጋለች። ባንዱ መድረክ ላይ ሆኖ ድምፅ ይሞክራል። በሁለቱም ጎን ሞንታርቦዎቹ እንደ ቁም ሣጥን ተደራርበው ቆመዋል።

«ጋሽ ጆሮ! እኔ እኮ የለሁም!» አለ ጊታር የሚመታው።

«አለህ እንጂ፣ እያየሁህ አይደል?»

«በዐይን ሳይሆን በጆሮ! ትንሽ ግፋኝ በናትህ።»

ጋሽ ጆሮ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ሽማግሌውን ገፋው። «አሁንስ?»

«አዎ! አሁን ይሻላል! ተባረክ!»

ጋሽ ጆሮ በሆዱ ሳቀ። ቀኑን ሙሉ ደስ የሚለው በዚህች ቅጽበት ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ኢኳላይዘሩ ዞረ። ይህ ከሚክሰሩ ጎን የሚቀመጥ፣ ትናንሽ ቁልፎች በረድፍ የተደረደሩበት ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፤ በግራ ያሉት ወፍራሙን ድምፅ፣ በቀኝ ያሉት ቀጭኑን ያስተካክላሉ። ከዓመት ወዲህ ቀጭኑ ድምፅ እየሸሸ አስቸግሮታል። ከድራሙ ጎን ያለው የነሐስ ሳህን ቅጭልታ፣ ዘፋኟ «ስ» ስትል ከጥርሷ መሐል የምታሾልካት ያቺ ነገር፣ ከጥጥ በስተጀርባ ያለች ትመስላለች። «ሞንታርቦዎቹ አርጅተዋል» እያለ በቀኝ ያሉትን ከወትሮው ገፋ ማድረግ ጀምሯል። ማንም «ተው» ያለው የለም። እቤት ደግሞ እህቱ አንድ ቀን «አንተ! ማንቆርቆሪያው አጠገብህ ተቀምጦ እያፏጨ ዝም ትላለህ?» ብላ ከጓዳ ብትሮጥ፣ «ሐሳብ ላይ ነበርኩ» ብሎ አልፏታል።

ሙቀት ተሰማውና ኮቱን ሊያወልቅ ክንዱን ሲመዝዝ፣ እጅጌው ኢኳላይዘሩን ጠርጎት አለፈ። በቀኝ በኩል ያሉት ቁልፎች ሁሉ አንድ ላይ ጥግ ድረስ ወጡ።

ዘፋኟ መድረክ ላይ «ስ» የበዛበትን ዜማዋን እየዘፈነች ነው። እንዲህ በተገፋ ድምፅ «ስ» ስትወጣ መርፌ ናት፤ የሰው ጆሮ ትበሳለች። እጁን ሰዶ ሊመልሳቸው ሲል የሰዎቹን ፊት አየ። ድራም የሚመታው ማስቲካውን ያላምጣል። የጽዳት ሠራተኛዋ ቀና ሳትል ትጠርጋለች። ዘፋኟ ዐይኗን ጨፍና በደስታ ትዘፍናለች። ሰው የሚባል አልሸሸም፣ ፊቱን ያጨማደደ የለም።

ጋሽ ጆሮ እጁን አንጠልጥሎ ቆመ። ከዚያ ሁሉንም ቁልፎች እስከ ታች ሳባቸው። አሁን ድምፁ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ታፍኖ «ምን ነካው?» ሊሉ ይገባል። አላሉም። ድራም መቺው አሁንም ያላምጣል።

ይህን ፊት ያውቀዋል። እሱው ነው የሠራው። ሽማግሌው ሲገፋና ሲሳብ ሰዎች የሚያሳዩት ፊት ነው፤ ምንም ነገር ያልተነካበት ሰው ፊት።

ጉልበቱ እየጮኸበት ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ከሚክሰሩ የሚወጣው ገመድ ኢኳላይዘሩን እንደማያውቀው ሰው አልፎት በቀጥታ ወደ መድረኩ ይሄዳል። የኢኳላይዘሩ የራሱ ገመድ ደግሞ ጥቂት ሄዶ ምንጣፍ ሥር ያልቃል። ከምንም አልተሰካም። ጫፉ በፕላስተር ተለጥፏል፤ የፕላስተሩም ጫፍ እንደ ቁስል ፋሻ አጠፍ ብሏል።

ባንዱ ለዕረፍት ሲበተን ጋሽ ጆሮ ገመዱን በዐይኑ እየተከተለ፣ በአዳራሹ ጥግ ይዞ ከመድረኩ ጀርባ ገባ። ከጥቁሩ መጋረጃ ኋላ፣ ድምፁን ከሚያጎሉት አምፕሊፋየሮች አጠገብ፣ ሌላ ኢኳላይዘር አለ። ከፊቱ አማችየው በባዶ የማይክ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ዘፋኟ ከአጠገቡ ቆማ ውሃ ትጠጣለች።

«አማች።»

«አቤት ጋሼ።»

«ይሄ ምንድነው?»

አማችየው ሳጥኑን አየ፣ ከዚያ እጁን አየ፤ እጁ ገና ሳጥኑ ላይ ነው። «ኢኳላይዘር።»

«እኔ ጋ ያለውስ?»

አማችየው እጁን ከሳጥኑ አነሣ።

«እኔ ጋ ያለውስ ምንድነው? አንተን እኮ ነው!»

«በቃ ንገረው» አለች ዘፋኟ የጠርሙሷን ክዳን እያጠበቀች። «ካገኘው አገኘው።»

«እሱም ኢኳላይዘር ነው» አለ አማችየው አንገቱን ደፍቶ። «ግን አልተሰካም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ክረምት።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም» አለች ዘፋኟ። «ከጊታሩ በቀር። እሱ ከራሱ ሌላ ምን ሰምቶ ያውቃል?»

ጋሽ ጆሮ አልሳቀም። «እኔን!» አለ። «እኔን ነው እንደ ሕፃን ልጅ መጫወቻ ሰጥታችሁ፣ እዚያ መሐል አዳራሽ ገትራችሁ...» ቀዩ ቁልፍ ድንገት ትዝ አለውና የቀረውን ቃል ዋጠው።

«ምን እናድርግህ ታዲያ?» አለች ዘፋኟ። «እንንገርህ? ለማን፣ ለአንተ? ኪቦርዱ ‹ኤኮው በዛ› ስላለህ ይኸው እስከ ዛሬ በአገጭህ ሰላም ትለዋለህ!»

«አልበዛም ነበር።»

«በዝቶ ነበር። ዋሻ ውስጥ የምዘፍን ነበር የመሰልኩት።»

አማችየው ቀስ ብሎ ተነሣ። ሲናገር እንደ ልማዱ ከጫማው ጋር ነበር የሚያወራው። «ከፊት የሚቀመጡት ሰዎች ጆሮአቸውን መያዝ ጀምረው ነበር ጋሼ። የአዳራሹ ባለቤትም ‹ሰውየው ደክሟል፣ ሌላ ሳውንድ ልፈልግ› ሲል ሰማሁት። ሌላ ሰው እንዳያመጣብዎት ብዬ ነው። ለመድፈር አይደለም።»

«ለእህቴም ነገርካት?»

«እሷ ናት የነገረችኝ። ማንቆርቆሪያው ጊዜ።»

ጋሽ ጆሮ በሐሳቡ ወንበር ታየው። የፊት ወንበር፤ ክራባት፤ የሌላ ሰው ማይክ። ጆሮ ያጣ ጋሽ ጆሮ ምን ሊሆን ነው? ቁጭ ይላል። እህቱ ቤት፣ ማንቆርቆሪያው አጠገብ፣ ሲያፏጭ እንዳይሰማው ሆኖ ቁጭ ይላል። ሚክሰሩ የገዛ ንብረቱ ነው፤ አሁኑኑ ነቅሎ፣ ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎ፣ «ዝፈኑ እስቲ!» ብሏቸው መውጣት ይችላል። የድሮው ሰው ቢሆን ወጥቶ ነበር። የአሁኑም ቢሆን እግሩ ወደ በሩ አንድ ጊዜ ከጅሏል።

«የእኔን ሰካልኝ» አለ በመጨረሻ። «የእናንተን ንቀሉ። በጆሮዬ ካልሰማሁ አላምንም።»

«ጋሼ...»

«ሰካልኝ አልኩህ!»

አማችየው ሰካለት። ጋሽ ጆሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዘፋኟ ብቻዋን መድረክ ላይ ወጥታ ያንኑ ዜማ ጀመረች። ጋሽ ጆሮ በቀኝ ያሉትን ቁልፎች ቀስ በቀስ ገፋቸው፤ ገፋ፣ ገፋ፤ በመጨረሻ ያቺ የሸሸችው ነገር ከጥጡ ውስጥ ወጣች። «ስ» አለች። እንደ ድሮዋ፣ ጥርት ብላ፣ ሐር ሲቀደድ እንደሚሰማው። ወይ ድምፅ! ዐይኑ ውሃ ሞላ። «ይኸው!» ሊል አፉን ከፈተ።

ከዚያ ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ።

ከመድረኩ ጥግ ተቀምጦ ያረፈው ድራም መቺ ማስቲካውን ማላመጥ አቁሞ ጥርሱን ነክሷል። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ጥላ ሁለቱንም ጆሮዎቿን በመዳፏ ይዛለች። ዘፋኟ ብቻ አልሸሸችም። ቀጥ ብላ ቆማ ትዘፍናለች፤ ሆኖም «ስ» በመጣች ቁጥር የግራ ዐይኗ ይርገበገባል። እሱ ደስ እንዲለው ብላ የራሷን ድምፅ እንደ ጥፊ እየተቀበለችው ነበር።

ጋሽ ጆሮ አፉን ዘጋ። ዐይኑን ከጽዳት ሠራተኛዋ እጆች ላይ ሳይነቅል ቁልፎቹን ወደ ታች መሳብ ጀመረ። ትንሽ ሳበ፤ አንዱ እጅ ወረደ። ትንሽ ሳበ፤ ሌላውም ወረደ። አንድ ፀጉር ታህል ሲጨምርበት ሴትየዋ መጥረጊያዋን አነሣች። እሱ ጋ ድምፁ ተመልሶ ጥጥ ውስጥ ገብቷል። እነሱ ጋ ግን የደረሰው ትክክለኛው ነበር፤ ድራም መቺው ማላመጥ እንደጀመረ አየው።

እጁን ከሳጥኑ አነሣ። ከዚያ «አማች!» ብሎ ተጣራ።

አማችየው ሮጦ መጣ።

«ያንን ያንተን ሳጥን እዚያው ጨለማ ውስጥ ተወው። ከእንግዲህ መጋረጃ ጀርባ መደበቅ የለም። ወንበር አምጣ።»

አማችየው ወንበር አምጥቶ፣ ከሚክሰሩ ኋላ አስቀምጦ፣ በእጁ አቧራውን ጠረገለት። «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ትንሽ ቁጭ ይበሉ» አለው።

«እኔ?» ጋሽ ጆሮ ወንበሩን በእግሩ ወደ ግራው ገፋ አደረገው። «እኔ አልተቀመጥኩም፣ አልቀመጥምም። አንተ ቁጭ በል። ፊትህን ወደ እኔ አድርግ። ቀጭኑ ሲበዛ ፊትህን አጨማድድ፣ ሲያንስ ቅንድብህን አንሣ። እንዳትናገር። ስትናገር ታናድደኛለህ።»

አማችየው ተቀመጠ።

ጀምበር ሳትጠልቅ በሮቹ ተከፈቱና ሕዝቡ መግባት ጀመረ። ወንበሮቹ እየሞሉ ሲሄዱ የአዳራሹ ባለቤት ሆዱን አስቀድሞ መጣ። «ጋሽዬ፣ ድምፁ ትንሽ አነሰ መሰለኝ። ጨመር አታደርገውም?» አለ፤ ገና አንድም ዘፈን ሳይጀመር።

ጋሽ ጆሮ ዐይኑን ጨፈን፣ ከንፈሩን ሞጥሞጥ አድርጎ ቀዩን ቁልፍ ገፋ። «አሁንስ?»

«አዎ! አሁን ይሻላል!» ሰውየው አገጩን እየነቀነቀ ሄደ።

አማችየው ቀዩን ቁልፍ አየ። ከጠረጴዛው በታች ያለውን ዓለም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለምና ጎንበስ ብሎ ከኋላ አየው፤ የተሰካበት ነገር የለም። ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተጋጩ።

«ይሄ...» አለ አማችየው።

«አትናገር ብያለሁ።»

«እኔም አንዳንዴ ገመዱን ስዘረጋ ምንድነው ይሄ እል ነበር...»

«ሽማግሌው ይባላል» አለ ጋሽ ጆሮ፣ ወደ መድረኩ እያየ። «ለእህቴ እንዳትነግር።»

አማችየው በአፍንጫው ሳቀ። ሲስቅ የሰማው ያኔ ነው፤ ወፍራም ሳቅ ስለሆነች ደህና አድርጋ ተሰማችው።

ዝግጅቱ ተጀመረ። ጋሽ ጆሮ ግማሽ ዐይኑን መድረኩ ላይ፣ ግማሽ ዐይኑን አማችየው ፊት ላይ አድርጎ ሠራ። ቅንድብ ሲነሣ ይገፋል፤ ግንባር ሲጨማደድ ይስባል። ዝምተኛ ሰው ፊቱ ብዙ ያወራል ለካ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አተኩሮ አይቶት አያውቅም ነበር። በአንደኛው ረጋ ያለ ዜማ መሐል፣ አማችየው ትእዛዙን ረስቶ ተናገረ። «የሠርጋችን ዕለት» አለ፣ «እሷ ናት ሌላ ሳውንድ ይሁን ያለችው። ‹ወንድሜ የእኔን ቀን እንኳ ሚክሰር ሥር ተጎንብሶ አይዋል፣ ከፊቴ ተቀምጦ ልየው› ብላ። አባት ስላልነበራት።»

ብቻ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ አማችየው ቅንድቡን ቢያነሣም የጋሽ ጆሮ እጅ አልታዘዘችውም።

መጨረሻው ላይ ዘፋኟ ላቧን ጠርጋ ማይኩን ያዘች። ድራም መቺውን ጠራች፤ ተጨበጨበ። ኪቦርዱን፣ ጊታሩን ጠራች፤ ተጨበጨበ። መብራት የሚያበራውን ጠራች። ጋሽ ጆሮ ሳያስበው የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። እሷ ግን «አመሰግናለሁ፣ በሰላም ግቡ!» ብላ እጇን አውለብልባ ወጣች።

ዛሬም ረሳችው። ያ ሁሉ ሆኖም ረሳችው! ጋሽ ጆሮ አንገቱን ነቀነቀና ይህንንም ወስዶ ከሌሎቹ ጎን ሊያስቀምጠው ነበር፤ በልቡ ውስጥ ለእንዲህ ያለው ሁልጊዜ ቦታ አይጠፋም።

አማችየው ከወንበሩ ተነሣ። ጭብጨባው ገና አላበቃም። በሁለት ጣቱ፣ ዐይኑን ጨፈን፣ ከንፈሩን ሞጥሞጥ አድርጎ፣ ቀዩን ቁልፍ ቀስ ብሎ እስከ ጥጉ ገፋው።

«ለእርስዎ ጨመርኩልዎ ጋሼ» አለ። «አሁንስ?»

ጋሽ ጆሮ ቁልፉን አየ፣ ሰውየውን አየ። ቂሙ እንዳለ ነው። ቢሆንም አፉ ቀደመው።

«አዎ» አለ። «አሁን ይሻላል።» ከዚያም፣ ገመዱን ለመጠቅለል ጎንበስ ያለውን ሰው፣ ከሠርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራው።